ከመኪናው በፊት ጀልባው ይመዘን

የ2003 ሞዴሏ ሆንዳ ፓይለት ጀልባ ስትጎትት እስከ 4,500 ፓውንድ ተፈቅዶላታል። ሌላ ዓይነት ተሳቢ ከሆነ ግን ከ3,500 ፓውንድ እንዳታልፍ አምራቹ ከልክሏል። መኪናዋ ያችው ናት፤ ሞተሩም ካምቢዮውም ያው ነው። ልዩነቱን ያመጣው ነፋስ ነው። ጀልባ ዝቅ ብሎ በሹል አፍንጫው አየሩን እየሰነጠቀ ይከተላል፤ እንደ ሳጥን የቆመ ተሳቢ ግን ነፋሱን በደረቱ ስለሚገጥም ሞተሩን ያለ እረፍት ያስጨንቀዋል።

ያገለገለ መኪና የሚሸጡ ሰዎች “ይህን ያህል ይጎትታል” ሲሉ እንዲህ ያለውን ዝርዝር አይናገሩም። ብዙዎቹም አያውቁትም። ከቁጥሩ ጀርባ ግን ስንት ሰው ተሳፍሮ፣ ምን ተጭኖ፣ የቱን ዳገት፣ በምን ያህል ሙቀት የሚሉ ጥያቄዎች አሉ። የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ይዞ መጎተቻ የሚፈልግ ሰው እነዚህን ሳይጠይቅ ከገዛ፣ መልሱን የሚያገኘው አውራ ጎዳና ዳር ቆሞ የሚጨሰውን ካምቢዮ እያየ ነው።

ነገሩ በተለይ አሜሪካ የሚኖር ሰውን ይመለከታል። የጣና የደንገል ታንኳ ውሃው ዳር ይውላል፣ እዚያው ያድራል፤ ባለቤቱ በእግሩ ሄዶ ያገኘዋል። አሜሪካ ውስጥ ብዙው አነስተኛ ጀልባ የሚያድረው ግን ተሳቢው ላይ እንደተጫነ፣ ግቢ ወይም ጋራዥ ውስጥ ነው። የዋሽንግተን ዙሪያ ነዋሪ ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ጥግ ባለው ግራቭሊ ፖይንት፣ አውሮፕላን በአናቱ እያለፈ፣ ጀልባውን ፖቶማክ ወንዝ ላይ ያወርዳል። ራቅ ማለት ካሻው ቨርጂኒያ ወደሚገኘው ሊሲልቫኒያ ፓርክ ወይም አናፖሊስ አጠገብ ወዳለው ሳንዲ ፖይንት ይነዳል። ሚኔሶታ ደግሞ ስፋታቸው ከ10 ኤከር የማያንስ 11,842 ሐይቆች አሏት። በሁለቱም አካባቢዎች ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ደጃፋቸው ላይ የቆመው መኪና ግን በአመዛኙ ለሥራ የተገዛ ፕሪየስ፣ ካምሪ ወይም ሲየና ነው። ስለዚህ ሌላ መኪና ከመፈለግ በፊት “ያለኝስ አይበቃም ወይ?” ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

ፕሪየስ አይበቃም። ቶዮታ ለአሜሪካ ገበያ ባዘጋጀው መመሪያ መጽሐፍ መኪናው ተሳቢ እንዲጎትት አይመክርም። ሲየና ግን እስከ 2020 ሞዴል ድረስ ባለው ቪ6 ሞተሯ፣ ለመጎተት የሚያስፈልገው ዝግጅት ከተደረገላት፣ 3,500 ፓውንድ ትችላለች። አነስተኛ የአሉሚኒየም ጀልባ ያለው ሰው ሌላ መኪና ሳይገዛ ሊሠራ የሚችልበት አጋጣሚ አለ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጀልባው። የጀልባ ፋብሪካዎች ወረቀት ላይ የሚያሰፍሩት ክብደት ብዙ ጊዜ የባዶውን ቀፎ ነው፤ ሞተር የለውም፣ ነዳጅ የለውም፣ የተሸከመው ተሳቢም አልተቆጠረም። 18 ጫማ ርዝመት ያለው የአሉሚኒየም ጀልባ ወረቀቱ ላይ 500 ኪሎ ይላል እንበል። ባለ 115 ፈረስ ጉልበት ሞተር 165 ኪሎ ያህል ይጨምራል። 100 ሊትር ቤንዚን 74 ኪሎ ነው። ሦስት ባትሪዎች 75፣ ተሳቢው 350፣ መልሕቁ፣ የሕይወት ማዳኛ ልብሶቹ፣ በበረዶ የተሞላው ሳጥንና የማጥመጃው ዕቃ ተደማምሮ ሌላ 100 ኪሎ። ድምሩ 1,264 ኪሎ ወይም 2,790 ፓውንድ ገደማ ሆነ። 500 ኪሎ የተባለው ጀልባ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ከብዷል። ጠንከር ያለ ባለ ፋይበርግላስ የባስ ዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ከነተሳቢው 3,500 እስከ 4,000 ፓውንድ ሊመዝን ይችላል፤ ለባሕር የሚሆነው 21 ወይም 22 ጫማው ደግሞ 5,000ን ያልፋል። በግምት መጨቃጨቅ አያስፈልግም፤ በአውራ ጎዳና ዳር የከባድ መኪና ማረፊያዎች ውስጥ የሕዝብ ሚዛን አለ፣ ክፍያውም ትንሽ ነው። ጀልባውን ገና ያልገዛ ሰው እንኳ ሻጩን ለምኖ ቢያስመዝነው ይሻለዋል።

ክብደቱ ከታወቀ በኋላ የሚከፈተው የመኪናው በር ነው። አብዛኛው ሰው የመጎተት አቅም የሚለውን ቁጥር ብቻ ይጠይቃል፤ ጉዳዩን ቀድሞ የሚወስነው ግን በአሽከርካሪው በኩል በበሩ መቃን ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ወረቀት ናት። የተሳፋሪውና የዕቃው ክብደት ተደምሮ ከዚህ እንዳይበልጥ ትላለች። ተሳቢው በመንጠቆው ላይ ወደ ታች የሚጫነው ክብደትም ከዚህችው ሒሳብ ይቀነሳል፤ መጠኑ እንደተለመደው ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው።

ወረቀቷ 1,100 ፓውንድ ትበል። አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች 530 ፓውንድ ቢሆኑ፣ ያ የአሉሚኒየም ጀልባ መንጠቆው ላይ 300 ቢጫን፣ መንጠቆው ራሱ 50፣ ከኋላ የተጫነው ስንቅና ዕቃ 200 ቢሆን፣ ድምሩ 1,080 ይመጣል። ለጥቂት ተረፈ። ቅዳሜ ዕለት አራት ሙሉ ሰው የሆኑ ጓደኛሞች ቤተሰቡን ተክተው ቢሳፈሩና እያንዳንዳቸው 180 ፓውንድ ቢመዝኑ ግን ድምሩ 1,270 ይሆናል። መኪናው የመጎተት አቅሙን ሳይጨርስ ከልኩ በላይ ተጭኗል። ከኋላ ተቀምጦ፣ ከፊት ቀና ብሎ፣ መሪው ቀልሎ የሚሄደው መኪና ምስጢሩ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። የሆንዳ መመሪያ መጽሐፎች ይህን ስለሚያውቁ የተሳፋሪው ቁጥር በጨመረ ቁጥር የሚጎተተው ክብደት እንደሚቀንስ በሰንጠረዥ ያስቀምጣሉ፤ ያገለገለ መኪና ሲገዛ ያ መጽሐፍ መኪናው ውስጥ መኖሩን ማየት አይከፋም።

የቁጥሩ ዕድሜም ይታይ። አምራቾች ለብዙ ዘመን የመጎተት አቅምን የሚለኩት እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ ነበር፤ ማስታወቂያው ላይ ተፎካካሪን መብለጥ ደግሞ ለሁሉም ይጥም ነበር። የአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ጄ2807 የተባለ የጋራ መለኪያ ካወጣ በኋላ ቀድሞ የተቀበለው ቶዮታ ሲሆን፣ የ2011 ሞዴሎቹን በዚያ ለካ። ወዲያውም የአንዳንዶቹ ቱንድራዎች ቁጥር ቀነሰ። መኪናው አልደከመም፤ መለኪያው እውነተኛ ሆነ። ከፈተናዎቹ አንዱ አሪዞና ውስጥ ዴቪስ ዳም በሚባለው፣ 18 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝመው ዳገት የሚካሄድ ነው። ሙቀቱ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ፣ ማቀዝቀዣው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ ቀላል ፒክአፕ ከነሙሉ ጭነቱ በሰዓት ከ64 ኪሎ ሜትር ሳይወርድ መውጣት አለበት። መኪናው ውስጥ አሉ ተብለው የሚታሰቡት ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ያውም እያንዳንዳቸው 68 ኪሎ! ሌሎቹ አምራቾች መለኪያውን የተቀበሉት ዘግይተው ስለሆነ፣ የ2006 ሞዴል ፒክአፕ 8,000 ፓውንድ ይጎትታል ሲባል የሚሰማ ገዢ ቁጥሩን ቢቀናንስለት ማንም አይወቅሰውም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ወጥመድ መንጠቆ ነው። ከ2005 እስከ 2015 የተሠሩ ሁለት ቶዮታ ታኮማዎች አጠገብ ለአጠገብ ቢቆሙ፣ ሁለቱም ባለ ቪ6 ቢሆኑ፣ ሁለቱም ከኋላቸው ባለ 2 ኢንች መንጠቆ ቢኖራቸው መንታ ይመስላሉ። አንደኛው ከፋብሪካው የመጎተቻ ጥቅል ይዞ የወጣ ከሆነ 6,500 ፓውንድ ያህል ይጎትታል፤ ሌላው ያለ ጥቅሉ 3,500 ነው። ጥቅሉ የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ፣ ጠንካራ ዲናሞ እና ባለ 7 ፒን የመብራት ሶኬት አለው። ሁለተኛው ላይ አንድ ጋራዥ በኋላ መንጠቆ ስለገጠመለት አቅሙ አልጨመረም። በተመሳሳይ፣ ከ2017 ጀምሮ የወጣው ሆንዳ ሪጅላይን አራቱም ጎማ የሚነዳው 5,000 ሲጎትት፣ የፊት ጎማው ብቻ የሚነዳው 3,500 ነው። የቶዮታ ሃይላንደር ባለ ቪ6 ከነዝግጅቱ 5,000 ሲችል፣ ከ2014 እስከ 2019 ባሉት ሞዴሎች ባለ 4 ሲሊንደሩ 1,500 ብቻ ነው። ትልልቆቹ ፒክአፖች ላይ ደግሞ የዲፈረንሻሉ ጥርስ ምጥጥን ብቻ አቅሙን በብዙ ሺህ ፓውንድ ይለዋውጠዋል። ሻጩ “ሃይላንደር ነው፣ ይጎትታል” ካለ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ማየት ግድ ነው።

እንግዲህ ምን ይገዛ? ጀልባው ከነጭነቱ 3,500 ፓውንድ ካልደረሰ፣ በሚገባ የተያዘ ባለ ቪ6 ሃይላንደር፣ አራቱም ጎማ የሚነዳ ፓይለት ወይም ሪጅላይን ከደከመ ትልቅ ፒክአፕ ይመረጣል። በሳምንቱ አምስት ቀን ልጆች ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ነዳጅም አይጨርስም። ከዚያ እስከ 5,000 ድረስ ፎርራነርና ባለ ጥቅሉ ታኮማ ይበቃሉ፤ ዋጋቸው ግን ያገለገለ ተብሎ ለመጥራት እስኪከብድ ድረስ ውድ ነው፣ ስማቸው ራሱ ይሸጣል። ከ5,000 ሲያልፍ ክርክር የለም፤ በሻንሲ ላይ የቆመ ትልቅ መኪና፣ ማለትም ኤፍ-150፣ ሲልቨራዶ፣ ታሆ፣ ቱንድራ ወይም ሴኮያ ያስፈልጋል።

ጀልባ ጎታች ከሌላው ተሳቢ ጎታች የሚለይበት ቦታ ደግሞ መውረጃው ነው። የጀልባ መውረጃ ብዙውን ጊዜ በየ100 ሜትሩ ከ12 እስከ 15 ሜትር የሚወርድ እርጥብ ኮንክሪት ሲሆን፣ የታችኛው ጫፍ አልጌ ያዘለ ነው። መኪናው ጀልባውን ይዞ ሽቅብ ሲወጣ ክብደቱ ሁሉ ወደ ኋላ ይተኛል፤ መንጠቆውም ኋላውን ይጫነዋል። የፊት ጎማው ብቻ የሚነዳ መኪና በዚህ ሰዓት ፊቱ ቀልሎ ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል። ሲየናዋ በደረቅ መንገድ ያለ ችግር የጎተተችውን ጀልባ እዚህ ልትተወው ትችላለች። የኋላ ጎማው የሚነዳ ፒክአፕ ክብደቱ ቢረዳውም ጎማዎቹ የሚቆሙት ልክ አልጌው ላይ ነው። አራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ለበረዶ ብቻ የሚመስለው ሰው አንድ ጊዜ የውሃው መጠን ሲወርድ ሄዶ መውረጃ ላይ የተሰለፈውን ቢያይ ሐሳቡን ይቀይራል። የእጅ ፍሬኑም እዚህ ይፈተናል፤ መኪናው ለሙከራ ሲነዳ ቁልቁለት ላይ ቆሞ በእጅ ፍሬን ብቻ መያዝ አለመያዙን ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ውሃው ሌላም ሥራ ይሠራል። ጀልባ ሲወርድ የመኪናው ኋላ ይነከራል። ረጅም መንገድ መጥቶ የጋለ ዲፈረንሻል ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል፤ መተንፈሻ ቱቦው ከተደፈነማ በጎሚኒው በኩል መግባቱ አይቀርም። ስለዚህ ጀልባ ሲጎትት የኖረ መኪና ሲገዛ የኋላ ዲፈረንሻሉ ቡሎን ተፈቶ ዘይቱ ይታይ። ነጣ ብሎ ከደፈረሰ ውሃ ገብቶበታል። ባሕር ወይም እንደ ቼሳፒክ ያለ ጨዋማ ውሃ ሲነካ የነበረ መኪና ደግሞ የፍሬን ቱቦዎቹ፣ የኋላ ባሌስትራው ማሠሪያና የሻንሲው ጫፍ በባትሪ መብራት ሊፈተሽ ይገባል።

ዝገት ሲነሳ የታኮማ ታሪክ ይጠቀሳል። በክረምት መንገዱ ጨው በሚረጭባቸው ክፍለ ግዛቶች የተነዱ ታኮማዎች ሻንሲያቸው እስኪበሳ ድረስ ዝገው ተገኙ። ቶዮታ በ2008 ከ1995 እስከ 2000 ያሉ ሞዴሎችን መልሶ መግዛት ጀመረ። በ2016 ደግሞ ከ2005 እስከ 2010 የተሠሩ ታኮማዎችን፣ የ2007 እና የ2008 ቱንድራዎችን፣ ከ2005 እስከ 2008 ያሉ ሴኮያዎችን በሚመለከት እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር የተገመተ የፍርድ ቤት ስምምነት ፈረመ። ብዙዎቹ ሻንሲያቸው በአዲስ ተቀይሮላቸዋል። ከነዚህ ዓመታት መኪና ያየ ገዢ “ሻንሲው ተቀይሯል?” ብሎ ይጠይቅ፤ ተቀይሮ ከሆነ ጥሩ ዜና ነው። ካልተቀየረ መዶሻ ይዞ ሥሩ መግባት ነው። በጥቁር ቀለም አዲስ የተቀባ ሻንሲ ካጋጠመው ደግሞ ለምን እንደተቀባ ይጠይቅ።

የኒሳን ወጥመድ ከዚህ የባሰ ድብቅ ነው። ከ2005 እስከ 2010 ባሉት ፍሮንቲየር፣ ፓዝፋይንደርና ኤክስቴራ ላይ የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ውስጥ ባለ ክፍል ነው። ያ ክፍል ሲሰነጠቅ የራዲያተሩ ውሃና የካምቢዮው ዘይት ይቀላቀላሉ፤ ባለቤቶቹ ከቀለሙ የተነሳ “የእንጆሪ ሚልክሼክ” ይሉታል። ካምቢዮው ከዚያ በኋላ ዕድሜ የለውም። መፍትሔው ርካሽ ነበር፤ ራዲያተሩን ቀድሞ መቀየር። መኪናዎቹ በሌላ በኩል ጠንካሮች ስለሆኑና ዋጋቸውም ከታኮማ ስለሚቀንስ፣ ራዲያተሩ የተቀየረበት ደረሰኝ ያለው ፍሮንቲየር ከተገኘ እንዲያውም መልካም ግዢ ነው። ከ2004 እስከ 2008 ያለው ኤፍ-150 ባለ 5.4 ሊትር ሞተርም የራሱ ጠባይ አለው፤ ካንዴላው ሲፈታ ተሰብሮ ውስጥ ይቀራል። ካንዴላው በቅርቡ የተቀየረለት ይመረጣል። ከ2007 ወዲህ ያሉትን 5.3 ሊትር ሲልቨራዶና ታሆ ደግሞ ሞተሩ ሳይሞቅ ጠዋት አስነስቶ ማዳመጥ ይሻላል፤ አላቋርጥ ያለ የቀጨቀጭ ድምፅ ካለ መተው።

ደላላም ሆነ ባለቤቱ ሲያስነዳ ብዙውን ጊዜ አንድ ብሎክ ዞሮ ይመልሳል። ለመጎተቻ መኪና ያ አይበቃም። ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ማቀዝቀዣው ተከፍቶ፣ ዳገት ባለበት አውራ ጎዳና ላይ መነዳት አለበት። ከ1996 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የተሸጠ ማንኛውም የቤት መኪና ከመሪው ሥር የመመርመሪያ ሶኬት አለው፤ እዚያ የሚሰካ ርካሽ መሣሪያ በብዙ መኪኖች ላይ የካምቢዮውን ዘይት ሙቀት በስልክ ላይ ያሳያል። የካምቢዮው ዘይት እንደተቃጠለ ነገር ከከረፋ፣ ቀለሙም ከቀይ ወደ ጥቁር ቡና ከተለወጠ፣ ያ መኪና ከአቅሙ በላይ ሲጎትት ኖሮ ሊሆን ይችላል። የመኪናውን መለያ (ቪን) ቁጥር በአሜሪካ መንግሥት የመንገድ ደኅንነት ተቋም ገጽ አስገብቶ ያልተሠራ የፋብሪካ ጥሪ መኖር አለመኖሩን በነጻ ማየት ይቻላል። በ2017 ሂዩስተንን እንዳጥለቀለቀው ዓይነት ጎርፍ የነካው መኪና ደግሞ ከወንበር ሥር የዛገ ቡሎንና ምንጣፍ ሥር የቀረ ደለል ያጋልጠዋል።

ስለ ማቆም ገና አልተወራም። ሞተር ይዞ መነሳትን ሁሉም ይሞክራል፤ 1,264 ኪሎ ከኋላ እየገፋ በቀይ መብራት መቆም ግን ሌላ ነው። በብዙ ክፍለ ግዛቶች ጠቅላላ ክብደቱ 3,000 ፓውንድ ያለፈ ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል። የጀልባ ተሳቢዎች ፍሬን አብዛኛውን ጊዜ በግፊት የሚሠራ ነው፤ መኪናው ሲያቆም ተሳቢው ወደፊት ሲገፋ በራሱ ይይዛል። መኪናው ውስጥ የተለየ መቆጣጠሪያ መግጠም ስለማያስፈልግ ለገዢው አንድ ወጪ ይቀንሳል። ችግሩ ሽቅብ ወደ ኋላ ሲነዳ ነው፤ ፍሬኑ ሳያስፈልግ ይይዛል። ለዚህ ነው ብዙ ተሳቢዎች ከ4ቱ የመብራት ሽቦዎች ሌላ ፍሬኑን የሚለቅ 5ኛ ሽቦ ያላቸው፤ የመኪናው ሶኬት ያን መቀበሉ ይታይ።

አውሮፓ ላሉ አንባቢዎች ሒሳቡ በመንጃ ፈቃድ ይጀምራል። ተራው ቢ ፈቃድ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 750 ኪሎ የሚደርስ ተሳቢ ያስጎትታል፤ ከዚያ የከበደ ከሆነ የመኪናውና የተሳቢው የተፈቀደ ክብደት ተደምሮ ከ3,500 ኪሎ መብለጥ የለበትም። ትልቅ መኪና መግዛት እዚያ ራሱ የተሳቢውን ድርሻ ይበላል። ብሪታንያ ከታኅሣሥ 2021 ጀምሮ ይህን አላልታዋለች።

መኪናው ከተገዛ በኋላ፣ ከመጀመሪያው ጉዞ በፊት፣ የካምቢዮውና የዲፈረንሻሉ ዘይት ይቀየር፤ የቀድሞው ባለቤት ባለፈው ወር ቀይሬያለሁ ቢልም። የተሳቢው ኩሽኔት ተፈትቶ አዲስ ግራሶ ይግባለት። ጎማዎቹ ጎን ላይ የተጻፉት የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች የተሠሩበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2318 ማለት በ2018 በ23ኛው ሳምንት ማለት ነው። የተሳቢ ጎማ በአብዛኛው የሚያረጀው ጥርሱ ሳያልቅ በፀሐይና በመቆም ነውና፣ አዲስ ቢመስልም ዕድሜው ከስድስት ዓመት ያለፈው ይቀየር።